በመኪና ላይ ያለው ረጅም ዘንግ ምን ይሠራል?

ዛሬ ስለ መኪና አንቴና እነግራችኋለሁ።

በነቀምቴ መንገድ ነጫጭ ላንድክሩዘሮች ሲያልፉ ከፊታቸው ረጅም ዘንግ ተተክሎ አይታችሁ ይሆናል። ብዙዎቻችን ዘፈን መስሚያ ይመስለናል። አይደለም! መልእክት መላኪያና መቀበያ አንቴና ነው። አማተር የሚባሉት፣ ማለትም ፈቃድ አውጥተው ለገንዘብ ሳይሆን ለእውቀት በሬዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎችም በመኪናቸው ላይ ይተክሉታል። በአገራችንም የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር አለ፤ ጣቢያው አዲስ አበባ 5 ኪሎ ሲሆን የጥሪ ስሙ ኢቲ3ኤኤ ነው።

የአንቴና ርዝመት በሒሳብ ነው የሚገኘው። 300ን ለሜጋኸርዙ ስናካፍል የሞገዱን ርዝመት በሜትር እናገኛለን። ያንን ደግሞ ለ4 እናካፍላለን። ለምሳሌ 300 ÷ 145 = 2.07 ሜትር፤ ሩቡ 52 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። በ7 ሜጋኸርዝ ግን ሩቡ ከ10 ሜትር ይበልጣል። ይሄ እንዴት መኪና ላይ ይቆማል? ስለዚህ ዘንጉን አሳጥረው ጥቅል ሽቦ ይጨምሩበታል።

ታዲያ ሁለቱም ለምን አስፈለጉ? የአጭሩን አንቴና ሞገድ ተራራ ያግደዋል። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ስንሄድ ዴዴሳ ሸለቆ ከወረድን ድምፃችን ላይሰማ ይችላል። የረጅሙ ሞገድ ግን ወደ ሰማይ ወጥቶ አዮኖስፌር ከሚባለው ክፍል ነጥሮ ይመለሳል፤ ተራራውን ዘለለው ማለት ነው።

የት ይተከል? ለአጭሩ ጥሩው ቦታ የጣሪያው መሀል ነው። የጣሪያው ብረት የአንቴናው ሌላ ግማሽ ሆኖ ያግዘዋል። ባጃጅ ላይስ? ጣሪያዋ ሸራ ስለሆነ ማግኔቱም አይይዝ፣ የሚያግዘውም ብረት የለ። ረጅሙ ከባድ ስለሆነ ከፊት መከላከያው ላይ በብሎን ይታሰራል። ብረት ከብረት በደንብ እንዲነካካ ከሥሩ ቀለሙ ይፋቃል።

ጥንቃቄ! መኪናው በመብራት ሽቦ ሥር ሲያልፍ ረጅሙ ዘንግ ጎንበስ ብሎ ይታሰር። ሰው በሬዲዮ ሲያወራ አንቴናውን አትንኩ፤ ያቃጥላል።

ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ አንዲት እናት ምጥ ቢይዛት፣ መኪናው ገና መንገድ ላይ ሳለ ሆስፒታሉን «እየመጣን ነው፣ ተዘጋጁ» ማለት የሚቻለው በሬዲዮ ነው። አንቴናው በትክክል ካልተተከለ ግን ያ ድምፅ አይደርስም።

ጥያቄ፦ ለ50 ሜጋኸርዝ ሩቡ ስንት ሜትር ነው? መልሱን ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን አምጡ። ቸር እንሰንብት!