አንበሳውን መነጽር አድርጌለት የቤታችንን በር ረሳሁት

ጣቶቼ ጥቁር ናቸው። ባለፈው ሚኒባስ ውስጥ ሒሳብ ሳቀብል ረዳቱ አውራ ጣቴን አየና «ብራዘር፣ ምርጫ አለ እንዴ?» አለኝ። ታክሲው በሳቅ አውካካ። የምርጫ ሳይሆን የእንጀራዬ ቀለም ነው ብል ማን ይሰማኛል?

እናላችሁ ሥራዬ አዲስ አበባን በብዕርና በጥቁር ቀለም መሣል ነው። ሐውልቱን፣ ቴአትር ቤቱን፣ ባንኩን፣ ማዘጋጃ ቤቱን እሥላለሁ። ታዲያ እንደ ፖስት ካርድ ድርቅ አድርጌ አይደለም፤ ትንሽ ፎገራ ጣል አደርግበታለሁ። ከዚያ አሳትምና ቅዳሜና እሁድ ባዛር ላይ እሸጣለሁ። አንዳንዱ ስቆ ያልፋል፣ አንዳንዱ ስቆ ይገዛል። የቤት ኪራዬ የሚወሰነው በነዚህ በሁለቱ ሳቆች ነው።

ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ሳቁ ብቻ አይደለም። ከአባቴ ጋር ስላኳረፈኝና መልሶ ስላስታረቀኝ አንድ በር ጭምር ነው።

«አንበሳ አውቶቡስ እያለ?»

ነገሩ የተጀመረው ብሔራዊ ቴአትር ጋ ነው። ቴአትር ቤቱ ፊት ያለውን የድንጋይ አንበሳ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም፤ ግን ስንቶቻችን ቆም ብለን አይተነዋል? የሠራው ፈረንሳዊው ቀራፂ ሞሪስ ካልካ ነው። የተሠራውም በ1948 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ነው። እኔ ያኔ የአንድ አርክቴክት ቢሮ ውስጥ ድራፍቲንግ እሠራ ነበር። ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅ ሰልፉ አልንቀሳቀስ አለ። ቀና ስል አንበሳው አለ። እሱም እንደኔ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። «ይሄም ሰውዬ ታክሲ ነው የሚጠብቀው» አልኩ በሆዴ።

ማታ ቤት ገብቼ ሣልኩት። የሰልፉ መጨረሻ ላይ አቆምኩት፣ መነጽር አደረግሁለት፣ ጋዜጣ በብብቱ ሸጎጥኩለት። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። አንበሳው ግን ሰው ስላልሆነ አይገባም።

ጠዋት ለአባባ አሳየሁት። አባባ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአንበሳ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሥዕሉን ከራቅ አድርጎ ያዘና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«አንበሳ አውቶቡስ እያለ አንበሳ ታክሲ ይጠብቃል?»

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። «ደግሞስ ለአንበሳ መነጽር ምን ያደርግለታል? እኔ ባስተማርኩህ ሙያ ሠርተህ አትበላም?» ብሎ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ጣለው። የቢሮ ሥራዬን ለቅቄ ሥዕሉን የሙሉ ጊዜ ሥራ ሳደርገው ደግሞ ጨርሶ አኮረፈኝ። እንጀራ አብረን እንበላለን፣ ስለ ሥራዬ ግን አይጠይቀኝም። አምስት ዓመት ያህል እንዲህ ከረምን።

ቀልዱ ከየት ይመጣል?

ብዙ ወጣቶች «ሐሳቡ ከየት ይመጣልሃል?» ይሉኛል። ምስጢር የለውም። የቦታውን ታሪክ እወቁ፤ ቀልዱ እዚያው ውስጥ ተኝቷል።

ለምሳሌ ለገሃር ያለውን የይሁዳ አንበሳ ውሰዱ። በ1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓሉ የቆመ ነው። በወረራው ዘመን ጣልያን ነቅሎ ሮም ወሰደው፤ ከነጻነት በኋላም ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው አገሩ የገባው። እኔ ሻንጣ አስይዤ፣ ኮት ደርቤለት፣ «ከሮም የተመለሰ ዲያስፖራ» አድርጌ ሣልኩት። ታክሲዎቹ ተሻምተው በዶላር ያናግሩታል። ይሄን የገዙኝ አብዛኞቹ እውነተኛ ዲያስፖራዎች ናቸው፤ ራሳቸውን አይተው ይስቃሉ።

ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ አለላችሁ። ጣልያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ በ1950ዎቹ የተሠራው ባለ ሰዓቱ ሕንፃ። ከቸርችል ጎዳና አናት ላይ ሆኖ ቁልቁል ያያል። እኔ ሴት ቀጥሮ የቀረችበት ጎረምሳ አድርጌዋለሁ፤ አበባ ይዞ፣ የራሱን ሰዓት ቀና ብሎ እያየ። አንዲት ልጅ ይህን ሥዕል ስታይ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ዝም አለች፣ ከዚያ «እዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያስጠበቅሁት ልጅ ነበር» ብላ ሁለት ገዛች። አንዱ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

የንግድ ባንክ አዲሱ ፎቅም አልቀረልኝም። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው ይሄ ሕንፃ ከ200 ሜትር በላይ ይረዝማል። አጠገቡ ፈረንሳዊው ሄንሪ ሾሜት የነደፈው የድሮው ክብ ሕንፃ አለ። ክቡን ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ አያት፣ ፎቁን ቅርጫት ኳስ ተጫዋች የልጅ ልጅ አደረግኋቸው። አያትየው «ጎንበስ ብለህ ሰላም በለኝ እንጂ!» ይላሉ። ይህችን ሥዕል ለፍቅረኛዬ ለልደቷ ብሰጣት «ባንኩን ሰጠኸኝ፣ ብሩስ?» አለችኝ። እንግዲህ ሥዕል ለሴት የምትሰጡ ወንድሞቼ፣ ከባንክ ጀምራችሁ እንዳትሰጡ!

ቀልድ ግን ወሰን አለው። የምኒልክን ሐውልት ስሥል ሊስትሮው የፈረሱን ኮቴ ሲጠርግ አሳይቻለሁ። ባዛሩ ላይ አንድ አዛውንት ረጅም ጊዜ አዩትና ልባቸውን በእጃቸው ያዙ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «ልጄ፣ በኮቴው ቀልድ፤ በጋላቢው ግን አደራ» አሉኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሕጌ ይሄው ነው። ቦታው ላይ ሳይሆን ከቦታው ጋር ነው የምስቀው።

የገዢና የሻጭ ምክር

ይሄ አምድ ምክር የሚሰጥበት ነውና የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ስማር ብዙ ብር ከስሬያለሁ፤ እናንተ በነጻ ውሰዱት።

አንደኛ፣ ቀለሙ። መጀመሪያ ያሳተምኳቸው ሥዕሎች በዓመታቸው ወይቡ። አንዷ ገዢ ደውላ «አንበሳህ ታመመ» አለችኝ። ለካ የማተሚያ ቀለም ሁለት ዓይነት ነው። በውሃ የሚሟሟው ርካሹ ቀለም ፀሐይ ሲያየው ቶሎ ይለቃል፤ ፒግመንት የሚባለው ግን ብዙ ዓመት ይቆያል። ከመግዛታችሁም ከማሳተማችሁም በፊት በየትኛው እንደታተመ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱ። ውስጡ አሲድ ያለበት ወረቀት እያደር ቢጫ ይሆናል። አሲድ የሌለበት፣ ወፈር ያለ ወረቀት ይሻላል። ፍሬም ስታስገቡት ደግሞ በሥዕሉና በመስታወቱ መሀል የካርቶን ጠርዝ ይግባ፤ መስታወቱ ወረቀቱን ከነካው እርጥበት ሲመጣ ይጣበቃል። ስትሰቅሉም ፀሐይ ፊት ለፊት ከምትመታው ግድግዳ አርቁት።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩ። ከሥዕሉ ሥር በግራ በኩል በእርሳስ 7/50 የሚል ብታዩ፣ ከታተሙት 50 ቅጂዎች 7ኛው ማለት ነው። በቀኝ በኩል የሣዩ ፊርማ አለ። 50 ብሎ ቃል የገባ ሰው 51ኛውን ካተመ አጭበርባሪ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

አራተኛ፣ መብቱ። ሥዕል ገዛችሁ ማለት ወረቀቱን ገዛችሁ ማለት ነው፤ የማባዛት መብቱ የሣዩ ነው። ባለ መነጽሩን አንበሳዬን አንድ ሱቅ ውስጥ ቲሸርት ላይ ታትሞ አገኘሁት። ባለቤቱን ብጠይቀው «አንበሳው የሕዝብ አይደል?» አለኝ። አንበሳውስ የሕዝብ ነው፤ መነጽሩ ግን የኔ ነው! የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መኖሩን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። አሁን ዋናውን ሥዕል ቀኑን ጽፌ አስቀምጣለሁ፤ ክርክር ቢመጣ ማስረጃዬ እሱ ነው።

አምስተኛ፣ ቁማችሁ ስትሥሉ ጥበቃውን ቀድማችሁ አናግሩት። አንድ ሕንፃ ፊት ደብተሬን ስዘረጋ ጥበቃው «ምን እየለካህ ነው?» ብሎ ሦስት ሰዓት አስቀምጦኛል። አሁን መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ፈቃድ፣ ከዚያ ብዕር።

«የኛን በር ሣልከው?»

ወደ በሩ ልመለስ። ቤታችን ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር። አባባ የተወለደው እዚያ ነው፤ እኔም። በአንድ ግቢ አሥራ አንድ ቤተሰብ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ሰፈራችን ፈረሰ፤ እኛም ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባን። ጎረቤቶቻችን አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ሆኑ። አዲሱ ቤት ውሃው በየክፍሉ ነው፣ ሽንት ቤቱ የግል ነው፤ እማዬ ለዚህ ምስጋናዋን አትደብቅም። አባባ ግን ሰገነቱ ላይ ወንበር አውጥቶ የማያውቀውን መንገድ ያያል።

አንድ ማታ እራት ላይ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ።

«አንተ ልጅ፣ የኛን በር ሣልከው?»

ጉሮሮዬ ላይ የደረሰው እንጀራ ቆመ። አልሣልኩትም። ሁለቱን አንበሶች ሥያለሁ፣ ባንኩን ሥያለሁ፣ ማዘጋጃ ቤቱን አበባ አስይዣለሁ። በቀን አራት ጊዜ የምገባበትንና የምወጣበትን በር ግን አንድ ቀን ቆሜ አላየሁትም። ስልኬን ብፈትሽ በሩ ፊት የተነሣናቸው ፎቶዎች ሞልተዋል፤ በሁሉም ላይ እኛ ጥርሳችንን ገልጠን በሩን ከልለነዋል።

«አልሣልኩትም አባባ» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ «እንግዲያው ወረቀት አምጣ፤ እኔ እነግርሃለሁ» አለ።

ሦስት ማታ ፈጀብን። እሱ ይናገራል፣ እኔ በእርሳስ እነድፋለሁ፣ እማዬ ከማድቤት ታርማለች። የበሩ ሳንቃ ስድስት ነው፣ መቀርቀሪያው በግራ ነው፣ ቆርቆሮው ጥጉ ላይ ታጥፏል። ደረጃው ላይ ስንደርስ ግን ተጣሉ። አባባ አራት ነው ይላል፣ እማዬ ሦስት ነው ትላለች። እኔም የማስታውሰው ሦስት ነው። አባባ «እኔ እዚያ ደረጃ ላይ ነው መራመድ የተማርኩት!» ብሎ ተቆጣ። በመጨረሻ የድሮ ጎረቤታችን ዘንድ ደወልን። እትዬ እየሳቁ «ሁላችሁም ልክ ናችሁ» አሉን። «ኮብልስቶኑ ሲነጠፍ መሬቱ ከፍ አለና የታችኛው ደረጃ ተቀበረ። እሱ የሚቆጥረው ከመነጠፉ በፊት ያለውን ነው።»

አራት አድርጌ ሣልኩት።

«ቀልድ እንዳታስገባበት» ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበርና ምንም አልጨመርኩም። በአራተኛው ማታ በቀለም ጨርሼ ሰጠሁት። እንደ ድሮው ከራቅ አድርጎ ያዘው። ብዙ ቆየ። እኔም እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

«ልክ ነው» አለ። «ግን ጭር አለ። ያቺ የእትዬ ዶሮ የታለች? ሁልጊዜ ሁለተኛው ደረጃ ላይ አልነበረች?»

ዶሮዋን ሣልኳት። አሁንም አልመለሰልኝም። ወረቀቱን አየት አደረገና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«መነጽር አድርግላት» አለኝ።

«ምን?»

«ዶሮ ማነቂያ ኖራ ሳትታነቅ ያረጀች ዶሮ ናት። ዓይኗ ይደክማል እኮ!»

እማዬ ከማድቤት በሳቅ ፈነዳች። አባባም ሳቀ። በሥዕሌ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ሳቁ መሀል ላይ ግን ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ፣ እኔም ብዕሬን የማጸዳ መስዬ አቀረቀርኩ።

አሥራ አንድ ቅጂ አሳተምን፣ ለግቢው ቤተሰብ ለእያንዳንዱ አንድ። 1/11 የኛ ይሁን ስለው እምቢ አለ። «መጀመሪያ ለጎረቤት ይዳረስ» ብሎ 11/11ን ወሰደ። ሁለት ቅዳሜ አብረን በአውቶቡስ እየዞርን ለየቤቱ አደረስን። ይሄ ሥዕል አይሸጥም፤ ባዛሩ ላይ ብዙ ሰው ጠይቆኛል፣ አልሸጥኩም።

እንግዲህ ወጣቶች፣ ምክሬ አጭር ነች። ሥዕል ባትችሉም ግዴለም፤ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ በራችሁ ፊት አንዴ ቁሙና ደረጃውን ቁጠሩ። ከዚያ አባታችሁን ወይ እናታችሁን ስንት እንደሆነ ጠይቋቸው። ቁጥሩ ካልተገናኘ አትከራከሩ፤ ወረቀት አምጡ። በሉ ቸር ይግጠመን!