የተቆለፈው ፎስፈረስና ደቂቅ ተሕዋስያን

ከባሌ ተራሮች የሚነሣው የዌብ ወንዝ ሶፍ ዑመር ሲደርስ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ ከምድር በታች ይገባል። ወንዙ የሚመነጭበት ደጋ ግን የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። በዚህ አንድ መስመር ላይ ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ የሚታሰርባቸው ሁለት ዐይነት ሁኔታዎች ይገኛሉ።

ተክል ያለ ፎስፈረስ ኃይል ማስተላለፍም ሆነ ዘረ መሉን መገንባት አይችልም። እንደ ናይትሮጅን ከአየር የሚቀዳ ስላልሆነ የመጀመሪያ ምንጩ ዐለት ነው። ዝናብ ያጠበው የደጋ አፈር ወደ አሲድነት ሲያዘነብል ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን አጥብቀው ይይዙታል፤ ኖራ በበዛበት አፈር ደግሞ ካልሲየም ያስረዋል። በሮቤና በጎባ ዙሪያ ገበሬው ለስንዴው የሚጨምረው ማዳበሪያም ከዚህ እስራት አያመልጥም። ሰብል በተዘራበት ዓመት የሚወስደው ከተጨመረው ፎስፈረስ ብዙውን ጊዜ ሩቡን አይሞላም። ያውም በውጭ ምንዛሪ ከተገዛው!

ለመሆኑ የቀረውን ማን ያስለቅቀዋል? ባሲለስና ሱዶሞናስ ከተባሉት የባክቴሪያ ወገኖች ብዙዎቹ አሲድ ያመነጫሉ፤ አሲዱም የካልሲየም ፎስፌትን ያሟሟል። ሌሎች ደቂቅ ተሕዋስያን ፎስፋቴዝ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት በፍግና በብስባሽ ውስጥ ያለውን ይፈታሉ። ይህን የሚያደርጉት ለተክሉ አዝነው አይደለም፤ ለራሳቸው ሲሉ ነው። ሲሞቱ ወይም በሌሎች ጥቃቅን እንስሳት ሲበሉ ግን በአካላቸው የያዙት ፎስፈረስ ለሥሩ ይተርፋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ማይኮራይዛ የተባለው የፈንገስና የሥር ጉድኝት ነው። ፎስፌት በአፈር ውስጥ እጅግ በዝግታ ስለሚጓዝ ሥሩ በዙሪያው ያለውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ቶሎ ያራቁተዋል። የፈንገሱ ክር ግን ከዚያ አልፎ ብዙ ሴንቲ ሜትር ይዘልቃል፤ ያመጣውን ፎስፈረስ ለተክሉ ሰጥቶ በምላሹ ስኳር ይቀበላል። ተደጋጋሚ እርሻ ክሩን ይበጣጥሰዋል። ፎስፈረስ ሲትረፈረፍም ተክሉ ለፈንገሱ የሚሰጠውን ስኳር ይቀንሳል። ጎመን ዘርማ ከነጭራሹ ይህን ጉድኝት አይገባም።

በባሌ ስንዴ በስንዴ ላይ መዝራት የተለመደ ነው። በመካከሉ ባቄላ ቢገባ ሥሩ ራሱ አሲድ ያመነጫል፤ ፈንገሱንም ያስጠጋል። ለባቄላ የሚቀርበው ሕያው ማዳበሪያ ራይዞቢየም ግን ሥራው ናይትሮጅን ማስገኘት ነው፤ እንዲያውም በሥሩ ላይ ያሉት እባጮች ፎስፈረስ አብዝተው ይፈልጋሉ። ፎስፈረስ የሚያሟሙት ባክቴሪያዎችም ቢሆኑ በቤተ ሙከራ ያሳዩትን በማሳ ላይ ሁልጊዜ አይደግሙም፤ የአፈሩ ነባር ነዋሪዎች ይሻሟቸዋልና። በመኪና ተጭኖ ከማሳው ከሚወጣው እህል ጋር የሄደውን ፎስፈረስ የሚተካ ደግሞ ከመካከላቸው አንድም የለም።