ከመዳቀል የተወለደው ቡና ዛሬ መዳቀል ያሰጋዋል

በኬንያዋ ሞያሌ፣ በቦሪና በአካባቢዋ በሚኖሩ ቦረናዎች ዘንድ ቡና የሚጠጣ ብቻ አይደለም። ጀንፈሉ ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ፣ "ቡና ቀላ" ተብሎ ከምርቃት ጋር ይቀርባል።

ቡናው ግን የደን ልጅ ነው። የዱር አረቢካ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በደቡብ ሱዳን የቦማ አምባ እንዲሁም ከሞያሌ በስተደቡብ በሚገኘው የማርሳቢት ተራራ ደን ይበቅላል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡ ዕፅዋት መድቦታል።

አረቢካ ከየት መጣ?

አረቢካ ራሱ ዲቃላ ነው። ሮቡስታ እና ዩጂኒዮይደስ የተባሉ ሁለት የቡና ዝርያዎች ከ600 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ተዳቅለው እንዳስገኙት በአውሮፓውያኑ 2024 የወጣ የዘረመል ጥናት ይገምታል።

ወላጆቹ 22 ክሮሞሶም ሲኖራቸው አረቢካ 44 አለው። ልዩነቱ አጥር ሆኖታል፤ ከሮቡስታ ጋር ቢዳቀል የሚወለደው ዛፍ 33 ክሮሞሶም ስለሚይዝ አብዛኛውን ጊዜ መካን ነው።

አጥሩ ግን አልፎ አልፎ ይጣሳል። በ1920ዎቹ በቲሞር ደሴት የተገኘው የሁለቱ ዲቃላ የቡና ቅጠል ዋግን ይቋቋም ነበር። ኬንያ በ1985 ለገበሬዎች ያቀረበችው "ሩይሩ 11" የዘር ሐረጉ ከዚህ ዲቃላ ይመዘዛል።

ታዲያ ስጋቱ ምንድን ነው?

ለዱር አረቢካ የቅርቡ ስጋት ሮቡስታ ሳይሆን የገዛ ዘመዱ ነው፤ በደን ውስጥ የሚተከለው የተመረጠ ቡና። አረቢካ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ቢያራባም፣ ንቦች የአበባ ብናኝ ከዛፍ ዛፍ ያመላልሳሉ።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች 703 የቡና ተክሎችን የመረመረ በ2013 የታተመ ጥናት፣ የተመረጡት ዘሮች ከነባሩ ጋር የመቀላቀላቸውን ምልክት አግኝቷል።

ነገሩን አሳሳቢ የሚያደርገው የተመረጡት ዘሮች መነሻ ነው። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲታይ፣ ተመራማሪዎች መከላከያውን ያገኙት በሽታውን ከሚቋቋሙ የአገሪቱ ነባር ዛፎች ነበር። በ1974 ከኢሉባቦር የተመረጠው "74110" አንዱ ነው።

ዛሬ ወደ ደኑ የሚመለሱት እነዚህ የመድኃኒት ዘሮች ናቸው። ነባሩን ከተኩት፣ ለነገው በሽታ መፍትሔ የሚፈለግበት ብዝኃነት ይሳሳል።

ገበሬው የተሻለ ምርት መፈለጉ አያስወቅሰውም። ሆኖም በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገቡት የካፋና የያዩ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ሰው የማይነካው እምብርት አላቸው። በዙሪያቸው ያሉ ችግኝ ጣቢያዎች ከዚያው ደን የተለቀመ ዘር ቢያፈሉ፣ ንቧ የምታመላልሰው ብናኝም የዚያው ደን ይሆናል።