«ዕድሜ ነው» ምርመራ አይደለም

ቤተሰብ፣ ዛሬ ከሥራ ተናድጄ ነው የወጣሁት። ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

ክሊኒካችን አንድ ሰው መጣ። ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር አልጽፍም፤ አርባን የተሻገረ፣ በአዋቂዎች የቤዝቦል ሊግ የሚወረውር ፒቸር ነው ብል ይበቃል። ቡድኑ ፕሌይኦፍ ለመግባት እየተናነቀ ነው። እሱን ግን ሰሞኑን ኳሱ ከድቶታል። ፋስትቦሉ ፍጥነት የለውም፤ ከርቭቦሉ መውረድ ባለበት ሰዓት አይወርድም፤ ድሮ የማይነኩት ባተሮች (መቺዎች) ሁሉ እየለቀሙ ይመቱበታል። እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት ሌላ ቦታ ታይቶ ትከሻው ላይ ኮርቲዞን ተወግቷል። የያዘው ወረቀት «ቀኝ ትከሻ፣ ከዕድሜ ጋር የመጣ መዳከም» ይላል። በቃል የተነገረው ደግሞ ክንድህ አልቋልና ዕድሜህን ተቀበል የሚል ነው።

ከወንበሩ ተነስቶ ወደ መመርመሪያው አልጋ ሲሄድ ግራ እግሩን ሲቆጥብ አየሁት። ጉልበቱን ስጫነው ፊቱ ተለወጠ። ለካ ከሳምንታት በፊት ባተር የመታው ኳስ ተወንጭፎ ጉልበቱ ላይ አርፎበት ኖሯል። እስከ ዛሬ የጠየቀው የለም። ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ጉልበቱን ያየ አንድ ባለሙያ የለም!

ነገሩ አዲስ ቢሆን ዝም እል ነበር። ግን በሜጀር ሊግ ሜዳ፣ አገር እያየው የሆነ ነገር ነው።

የሴንት ሉዊስ ካርዲናልሱን ፒቸር አዳም ዌይንራይትን አስታውሱ። በ2021፣ 40 ዓመት በሞላበት የውድድር ዘመን፣ 17 አሸንፎ 7 ተሸንፏል። 206 ኢኒንግ (ዙር) ወርውሮ በየዘጠኝ ኢኒንጉ የተቆጠረበት ራን (ነጥብ) አማካይ 3.05 ነበር፤ ያውም በሰዓት 90 ማይል በማይሞላ ፋስትቦል። በ2022 ቡድኑ ምድቡን ለማሸነፍ ሲሮጥም እስከ ኦገስት መጨረሻ ጥሩ ይዞ ነበር። ሴፕቴምበር ሲገባ ተበላሸ። በዚያው ወር፣ በ14ኛው ቀን፣ እሱና ካቸሩ (ኳስ ተቀባዩ) ያዲየር ሞሊና 325ኛ ጨዋታቸውን አብረው ጀምረው የሜጀር ሊጉን ሪከርድ ሰበሩ። ስታዲየሙ ቆሞ ያጨበጭባል፤ በዚያ ወር ግን ኳሱ እምቢ ብሎታል። የሁሉም ፍርድ አንድ ነበር፦ 41 ዓመቱ ነው፣ አለቀለት።

ኋላ ራሱ ዌይንራይት በአደባባይ ተናገረ። ኦገስት 28 ከአትላንታ ጋር ሲጫወቱ የተመታ ኳስ ጉልበቱን አግኝቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳይታወቀው ሲወረውር የሚራመደው እርምጃ አጥሯል። ክንዱ የሞተ የመሰለው ከዚያ በኋላ ነው። ካርዲናልስ ምድቡን አሸንፎ ፕሌይኦፍ ቢገባም በፊላደልፊያ ሁለት ተከታታይ ጨዋታ ተሸንፎ ወጣ፤ ሁለቱንም የጀመሩት ሌሎች ፒቸሮች ናቸው።

ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው እያንዳንዱ ኳስ በካሜራ በሚለካበት፣ ቡድኑ የራሱን ሐኪሞች ቀጥሮ በያዘበት ሊግ ውስጥ ነው። እዚያ ለሳምንታት ሳይታይ ያለፈ ነገር የአምስት ደቂቃ ቀጠሮ በተሰጠው ሰው ላይ እንዴት አያልፍ?

ስለዚህ ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

1. ኃይሉ የሚነሳው ከመሬት ነው። ፒቸር እግሩን አንስቶ ወደ ፊት የሚራመደው ለማማር አይደለም። ኃይሉ ከእግር ወደ ዳሌ፣ ከዳሌ ወደ ወገብና ደረት፣ ከዚያ ወደ ትከሻ፣ ክርንና ጣት ይሄዳል። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ድምፁ ከጫፉ ይውጣ እንጂ ኃይሉ ከእግርና ከወገብ ነው። በሚወረወርበት ቅጽበት ትከሻ በሰከንድ ከ7,000 ዲግሪ በላይ በሆነ ፍጥነት ይዞራል። ያንን ፍጥነት ትከሻ ብቻውን አያመጣውም፤ ብቻውን ላምጣው ሲል ነው የሚጎዳው። እርምጃው ሲያጥር ኳሱ ከባተሩ ራቅ ብሎ ይለቀቃል፣ ባተሩ የሚያይበት ጊዜ ያገኛል፣ የደረትና የክንድ ቅንጅት ይዛነፋል፣ ከርቭቦሉ ከፍ ብሎ ይቀራል። ክንዱ የጎደለውን ሊሞላ ይታገልና ይደክማል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ክንዱን አይቶ «ደክሟል» ይላል። አዎ ደክሟል! ጥያቄው ያደከመው ምንድን ነው የሚለው ነው።

2. ዕድሜ የለም አላልኩም። ጡንቻ እንደ ድሮው በቶሎ አያገግምም፣ ዳሌ እንደ ድሮው አይዞርም፣ ፍጥነት ይወርዳል። ዌይንራይት ራሱ በ2023 በ5 ድልና በ11 ሽንፈት፣ በ7.40 አማካይ ነው የጨረሰው። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 18 ሚልዋኪን 7 ኢኒንግ ያለ አንድ ራን ይዞ፣ 1 ለ 0 አሸንፎ፣ 200ኛ ድሉን አግኝቷል። ሌላው ፒቸር ጃስቲን ቨርላንደር የክርን ጅማቱ በ2020 ተጎድቶ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፣ በ2022 በ39 ዓመቱ በ1.75 አማካይ የዓመቱ ምርጥ ፒቸር የሚሸለመውን የሳይ ያንግ ሽልማት ወስዷል። ጄሚ ሞየር በ2012 በ49 ዓመቱ የሜጀር ሊግ ጨዋታ አሸንፏል። ዕድሜ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፦ መጠባበቂያውን ይወስዳል። የ24 ዓመት ልጅ እርምጃው ቢያጥር በ97 ማይል ይሸፍነዋል። የ41 ዓመት ሰው የሚሸፍንበት የለውም፤ ትንሿ ጉድለት ወዲያው በባተሩ ዱላ ላይ ትታያለች። እንግዲህ በዕድሜ የገፋ ሰው የበለጠ መመርመር አለበት ወይስ ያነሰ? እኛ ዘንድ የሚደረገው ተቃራኒው ነው። ወጣቱን ከራስ እስከ እግር ያገላብጡታል፤ ትልቁን ሰው የልደት ቀኑን አይተው ይሸኙታል።

3. ዕረፍትን ቁጠሩ። ፒቸሩን ማክስ ሸርዘርን ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። በ2021 በ37 ዓመቱ ከዋሽንግተን ናሽናልስ ወደ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ተዛውሮ 11 ጨዋታ ጀምሮ 7 አሸነፈ፤ አንድም አልተሸነፈም። ከዚያ ኦክቶበር መጣ። በ6 ከዌይንራይት ጋር ፊት ለፊት የተያዩበትን የሞት ሽረት ጨዋታ ጀመረ፤ በ11 ሳንፍራንሲስኮን ገጠመ፤ በ14 የመጨረሻውን ኢኒንግ ዘጋ፤ በ17 አትላንታ ላይ እንደገና ጀመረ። በ12 ቀን ውስጥ አራት ጊዜ! በአራተኛው 79 ኳስ ወርውሮ ክንዱ እንደሞተበት ተናገረ። በ23 ሊጀምር የታሰበውን ጨዋታ አልቻለም፤ ዶጀርስም በዚያ ጨዋታ ተሸንፎ ወጣ። እንዲህ ያለውን «ሸመገለ» ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው። የሥራ ጫናው በቀን መቁጠሪያ ላይ ተጽፎ ይታያል፤ የሚያነበው ጠፋ እንጂ።

4. ኤምአርአይ ሰው አይደለም። ታዋቂው የስፖርት ቀዶ ሐኪም ጄምስ አንድሩስ ምንም የማያማቸውን 31 ፒቸሮች ትከሻ በኤምአርአይ አስነስቶ ነበር። 90 በመቶዎቹ ልስልስ አጥንታቸው፣ 87 በመቶዎቹ ደግሞ የትከሻ ጅማታቸው ጤናማ አይመስልም ነበር። ደግሜ ልበለው፦ ጤነኞች ነበሩ! ዕድሜ ልኩን የወረወረ ሰው ትከሻ ውስጥ የሆነ ነገር አለመገኘቱ ነው የሚገርመው። ያንን ፎቶ አይቶ መርፌ መውጋት፣ ከዚያም ሕመሙ ስለደነዘዘ ብቻ «ተሻለህ፣ ወርውር» ብሎ መላክ ሕክምና አይደለም። ኮርቲዞን ጉልበት አይጠግንም። የትከሻው ሕመም ሲደነዝዝ ሰውየው በዚያው በተዛነፈ አወራወር ይቀጥላል፤ ማስጠንቀቂያውን አጥፍተውበታል ማለት ነው። ጅማት ላይ ደጋግሞ መውጋት ደግሞ ጅማቱን ያዳክማል።

አሁን ወደ እውነተኛው ንዴቴ ልግባ፤ ኢንሹራንሱ።

የሰውየው ሪፈራል «ቀኝ ትከሻ» ይላል። ስለዚህ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ለቀኝ ትከሻ ብቻ ነው። ጉልበቱ የተጎዳ መሆኑን፣ የትከሻው ድካም ከዚያ የመነጨ መሆኑን ጽፌ ላክሁ። «ጉልበት በጥያቄው ውስጥ የለም፤ አዲስ ሪፈራል ያስፈልጋል» የሚል መልስ መጣ። አዲስ ሪፈራል እንዲጽፍ ወደ መጀመሪያው ሐኪም ተመለስን፤ ቀጠሮው ሩቅ ነው። ስልክ ደወልኩ። ሙዚቃ እየሰማሁ ጠበቅሁ። ያነሳችው ልጅ ጥፋት የለባትም፤ የምታነበው ፊቷ ያለውን ነው። ፊቷ ያለው ደግሞ የሰውን አካል ቆራርጦ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር የሰጠ ሥርዓት ነው። ትከሻ አንድ ኮድ፣ ጉልበት ሌላ ኮድ፣ ዳሌ ሌላ ኮድ። ሰውየው ግን አንድ ነው! ሲወረውር ሙሉ አካሉን ይዞ ነው የሚወረውረው።

የተፈቀዱልን ጥቂት ቀጠሮዎች ናቸው። እያንዳንዱን ትከሻ ላይ ካዋልኩት በወረቀት ትክክል እሠራለሁ፣ በሕሊናዬ ግን ሰውየውን አልረዳሁትም። ጉልበቱን ከሠራሁ ደግሞ «ያልተፈቀደ» ነው። ይህን ሙያ የተማርነው ሰውን ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ እንድናይ ነው። የመጀመሪያው ትምህርታችን ከሚያመው ቦታ በላይና በታች ያለውን መገጣጠሚያ መርምር የሚል ነው። ይህን የሚያስቀር ደንብ ያወጣ ሰው አንድም ታካሚ በእጁ ነክቶ አያውቅም ብዬ አምናለሁ።

ይህ የቤዝቦል ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከወገኖቻችን ስንቱ ነው ታክሲ ሲነዳ፣ ፓርኪንግ ሲሠራ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ፣ አረጋውያን ሲንከባከብ ትከሻው የታሰረ? እናቶቻችን በስልክ አስተርጓሚ አማካይነት ሕመማቸውን ለመናገር ይታገላሉ። የሚያገኙት መልስ ያው ነው፤ ዕድሜ ነው፣ ይህችን ክኒን ውሰጂ። የእናትየዋን አንገት ማንም አልነካም፤ ጀርባዋን ማንም አላየም። እሷም በአክብሮት «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ትወጣለች።

ሌላው የሚያቃጥለኝ በየቻናሉ የሚለቀቀው ቪዲዮ ነው። «ክንድ የሚዝለው ላክቲክ አሲድ ስለሚከማች ነው፣ በበረዶ አስወጡት» ይላል አንዱ። ውሸት ነው። ላክቴት ወርውረህ ከጨረስክ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ከጡንቻው ይጠራል፤ በማግስቱ የሚሰማህ ሌላ ነገር ነው። ሌላው ደግሞ «የቶሚ ጆን ቀዶ ጥገና ክንድን ከበፊቱ ያጠነክራል» ብሎ ወላጆችን ያሳስታል። ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 ይህን ቀዶ ጥገና ለመጀመሪያ ጊዜ ለፒቸሩ ቶሚ ጆን የሠራው የተበጠሰ የክርን ጅማት ለመተካት ነው። ቶሚ ጆን ከዚያ በኋላ እስከ 1989 መጫወቱ እውነት ነው፤ ግን ከረጅም ማገገሚያ በኋላ ነው። ጤነኛ ክርን ለማጠንከር ቢላዋ አይነካም። ልጃችሁ ፒቸር ከሆነ ይህን የሚነግራችሁን ሰው ሸሹት።

ታካሚዬን የጠየቃችሁኝ እንደሆነ፣ ፕሌይኦፉ ያመልጠው ይሆናል፤ በእግሩ ሳይቆም እንዳይወረውር ነግሬዋለሁ። የጉልበቱን ሪፈራል ግን እስካገኝ ድረስ አልተውም፤ ነገም እደውላለሁ።

እናንተን የምለምናችሁ ይህን ነው። «ዕድሜ ነው» ሲሏችሁ ተነስታችሁ አትውጡ። «ከሚያመኝ ቦታ ሌላ የትኛውን መገጣጠሚያ አዩ? ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደደረሰብኝ ለምን አልጠየቁኝም?» በሉ። አሠሪያችሁ የሚያሠራችሁን ሰዓት፣ ያረፋችሁበትን ቀን፣ የወደቃችሁበትን ወይም የተመታችሁበትን ጊዜ ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሪፈራል ሲጻፍላችሁ የሚያማችሁ ቦታ ሁሉ መጠቀሱን ከክፍሉ ሳትወጡ አረጋግጡ፤ በኋላ ማስተካከል ስቃይ ነው። ወላጆቻችሁን የምታጅቡ ልጆች፣ ይህን ጥያቄ እናንተ ጠይቁላቸው፤ እነሱ በይሉኝታ አይጠይቁም።