ያውቁ ኖሯል? የአንድ ሰው ባንድ
የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘ ካሴቱን በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ሲቀርጽ ሌላ ተጫዋች አላስፈለገውም። ምቱን ለድረም ማሽን ሰጠ፤ ሙግ ሲንተሳይዘሩን፣ ሮድስ ፒያኖውንና ያማሃ ዲኤክስ 7ቱን እያፈራረቀ ራሱ ተጫወተ፤ በላዩ ላይ የጥንት ፍቅሩን አኮርዲዮንን ደረበበት። ዛሬ ላፕቶፕ ይዞ በሩን ዘግቶ ለሚሠራ ልጅ ይህ ብርቅ አይደለም፤ ያኔ ግን ባንድ ማለት መድረክ ሙሉ ሰው ነበር።

ኋላ ከመድረክ ርቆ ታክሲ መንዳት ያዘ። ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ፣ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ከዕቃ መጫኛው አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ከተማ አገኘው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመ፣ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ታክሲውን ግን ወዲያው አልተወም።