ከአርባው ቀን በኋላ፦ የአራሷ እህታችን ቀሪው ዓመት

በባሕር ዳር አንዲት እህት ስትወልድ ቤቷ ይሞላል። ጎረቤት አጥሚት ይዞ ይመጣል፣ በሰባተኛው ቀን የአቂቃው ሥጋ ይከፋፈላል፣ የአራሷ እናት ከገጠር መጥታ ገንፎ ታገነፋለች፣ ሕፃኑን ታጥባለች፣ ሌሊትም አብራ ትነሣለች። አርባው ቀን ሲሞላ እናት ወደ አገሯ ትመለሳለች፤ ጠያቂውም ይጠፋል። ባል ደግሞ "አልሐምዱሊላህ፣ ተነሣች" ይልና ወደ ሥራው ይዞራል። ሕፃኑ ግን ዓመት ሊሞላው ገና ከአሥር ወር በላይ ይቀረዋል።

በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የቀጠለው ግጭት አለ። መንገድ ሲዘጋ ያቺ ከገጠር የምትመጣ እናት ጭራሽ ላትደርስ ትችላለች። ብዙ ወጣት እናቶች አርባውን ቀን እንኳ ለብቻቸው ያሳልፋሉ።

መምህር በነበርንበት ጊዜ ያስተማርናቸው ልጆች ዛሬ እናቶች ሆነው ይደውሉልናል። ጥያቄያቸው ስለ ሶላትና ስለ ፆም ሆኖ ይጀምራል። ትንሽ ስንቆይ ወሬው ወደ እንቅልፍ ማጣትና ወደ ለቅሶ ይዞራል።

በመጀመሪያ የሚጠይቁትን እናስቀድም። አርባ ቀን የኒፋስ ግዴታ የሆነ መጠን አይደለም። ብዙ ዑለማዎች ዘንድ የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ጣሪያው ስልሳ ቀን ይደርሳል። ትንሹ ግን ገደብ የለውም። ደሟ በሃያኛው ቀን የቆመላት ሴት ታጥባ ትሰግዳለች። "አርባ ካልሞላ አይሰገድም" እየተባለ የሚቀረው ሶላት በልማድ የመጣ ስህተት ነው። በኒፋስ ጊዜ ያለፈ ሶላት ቀዷ የለውም፤ የረመዳን ፆም ግን ይከፈላል። ደሙ እየቀነሰ ሄዶ እንደገና ከበዛ፣ ከሸተተ ወይም ትኩሳት ካለው ጉዳዩ የፊቅህ ብቻ አይደለም፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

የምታጠባ እናት ለራሷም ሆነ ለልጇ ከሰጋች በረመዳን ማፍጠር ተፈቅዶላታል። ከዚያ በኋላ ስላለባት ነገር ዑለማዎች ተለያይተዋል። ሐነፊዮች ቀዷ ብቻ ይላሉ። ሻፊዒዮች የሰጋችው ለልጁ ብቻ ከሆነ ከቀዷው ጋር ሚስኪን ማብላትን ይጨምራሉ። ከኢብኑ ዐባስና ከኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ ማብላቱ ይበቃል የሚል ተላልፏል። የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ፤ ወላሁ አዕለም። ወተቷ እየቀነሰ "ሰው ምን ይለኛል" ብላ የምትፆም እናት ግን አላህ የሰጣትን ሩኽሳ ለጎረቤት አሳልፋ ሰጥታለች።

ቀጥሎ ያለው የአባት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እንፈልጋለን። ሱረቱል በቀራ አንቀጽ 233 ጡት ማጥባትን እስከ ሁለት ሙሉ ዓመት ያደርስና የእናትየዋን ምግብና ልብስ በአባት ላይ ያደርጋል። ልጅን ጡት ማስጣልም በሁለቱ ምክክር እንዲሆን ያዛል። አንቀጹ የሚገኘው ስለ ፍቺ በሚናገሩት አንቀጾች መካከል ነው። ለተፈታች እናት እንኳ ይህ ሐቅ ከተጠበቀ፣ በቤቱ ያለችዋ ሚስትማ እንዴት አይጠበቅላትም? እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር፣ የሶላት ወቅት ሲደርስም ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር ነግረውናል። ይህ በቡኻሪ የተዘገበ ነው። ከሱብሒ ሶላት የተመለሰ አባት ሕፃኑን ተቀብሎ እናትየዋን ሁለት ሰዓት ቢያስተኛት ሱናን ተከተለ እንጂ "የሴት ሥራ" አልሠራም።

የአገራችን ሕግ ለአባት ብዙ አልሰጠም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዝ ይፈቅዳል፤ ለአባት 3 ቀን ነው። ሕፃኑ ግን ስድስት ወር እስኪሞላው ከእናት ጡት ሌላ፣ ውሃም ቢሆን፣ አያስፈልገውም። ስለዚህ ሦስት ወር ሳይሞላው ገና ሥራ የምትገባ እናት ወተቷን በንጹሕ ዕቃ አልባ መተው ትችላለች። ወተቱ በቤት ውስጥ እስከ አራት ሰዓት ይቆያል፤ እንደ ባሕር ዳር የበጋ ቀን በሚሞቅበት ጊዜ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ መጠጣት አለበት። ከጣና ዳር ደንገል እየሠሩ በየዕለቱ ሽያጭ የሚያድሩ የወይጦ እህቶቻችን ደግሞ የሚያውቃቸው አዋጅ የለም፤ ያልሠሩበት ቀን ገቢ የላቸውም። የመስጂዱ ጀመዓ ሶደቃ ሲሰበስብ በቅድሚያ ማሰብ ያለበት ለእነሱ ነው።

አንዲት የቀድሞ ተማሪያችን ልጇ ሦስት ወር ሲሆነው ደውላ "ኢማኔ ወጣ መሰለኝ፣ ልጄን ሳይ ደስ አይለኝም" አለችን። ያኔ የመርየምን (ዐ.ሰ) ታሪክ ነገርናት። መርየም ምጥ ሲይዛት ከዚህ በፊት ሞታ በነበረች ተመኝታለች፤ አላህ ግን አልወቀሳትም። እንዳታዝን ተነገራት፣ ከበታቿ ውሃ፣ ከዘንባባውም ተምር ተሰጣት። ከወለዱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ማልቀስ የተለመደ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ካለፈ፣ ሕፃኑ ተኝቶም እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ካስጠላት፣ ይህ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ለአንድ ሌሊትም ብቻዋን መተው የለባትም። "ዓይን ነው፣ ጂን ነው" እያሉ ወራት መጠበቅ አይገባም። ሩቅያ ይቀራላት፤ ያው ቀን ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ ትወሰድ፣ ከዚያም አስፈላጊ ከሆነ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ትላክ። ተማሪያችን ሄዳለች፣ አልሐምዱሊላህ።

በሐይቁ ዳር ለምንኖር አንድ ነገር እንጨምር። ወባ ከክረምቱ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል፤ እናትና ልጅ በአጎበር ውስጥ ይተኙ፤ የሕፃን ትኩሳትም ለነገ አይባል። ሕፃንን በጣና ውሃ ማጠብም ቢልሃርዝያ ሊያስከትል ይችላል።

"እያጠባሁ አላረግዝም" የሚለውም ብዙዎችን አሳስቷል። ይህ የሚሠራው የወር አበባ ካልተመለሰ፣ ሕፃኑ ቀንና ሌሊት ጡት ብቻ ከጠባና ስድስት ወር ካልሞላው ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ባልና ሚስት ስለማራራቅ ከጤና ባለሙያ ጋር ይምከሩ፤ ሶሓቦች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ዐዝል ያደርጉ እንደነበር ጃቢር (ረ.ዐ) ዘግበዋል።

ለጎረቤት እህቶች ደግሞ የምንለው አለ። ገንፎው በአንድ ሳምንት ከአሥር ቤት ከሚመጣ ተራ ተይዞ ቢከፋፈል ይሻላል። ክትባቱ ከተወለደ ጀምሮ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ነው፤ የኩፍኙ ደግሞ በ9ኛውና በ15ኛው ወር። በእነዚህ ቀናት አንዷ ሕፃኑን አዝላ፣ ሌላዋ ቤቱን ጠብቃ፣ እናትየዋ ባዶ እጇን ጤና ጣቢያ ድረስ ትራመድ።