የበረሃው በር ጠባቂዎች

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል። የነፋስ ድምፅ።)

ተራኪ፦ የመን፣ ማሪብ። ጊዜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር 548 ዓ.ም. ገደማ ነው። የተደረመሰው ታላቁ ግድብ እየተጠገነ ነው። የሚያሠራው አብርሃ ይባላል፤ አፄ ካሌብ በየመን ትቶት የተመለሰው ሠራዊት ያነገሠው ሰው። አብርሃ በዚያ ወቅት ያስቀረጸው ድንጋይ ዛሬም ይነበባል። በደጁ የቆሙትን መልእክተኞች በተርታ ይዘረዝራል፦ ከአክሱሙ ነጋሺ የመጣ፣ ከሮም ንጉሥ የመጣ፣ ከፋርስ ንጉሥ የመጣ። ቀጥሎም ከአል ሙንዚር፣ ከሐሪስ ኢብን ጀበላና ከወንድሙ ከአቡ ከሪብ የተላኩትን ይጠራል።

የኋለኞቹ ሦስቱ የዐረብ አለቆች ናቸው። አል ሙንዚር ለፋርስ ያደረ፣ ሐሪስና አቡ ከሪብ ለሮም ያደሩ። ጌቶቻቸው እንደ ሎሌ ያዩዋቸው ነበር። እነሱ ግን ማሪብ ድረስ የራሳቸውን መልእክተኛ ይልካሉ፤ ስማቸውም ከነገሥታቱ ስም ሥር ይቀረጻል። አድማጮቻችን፣ በዛሬው ዝግጅታችን የምንተርክላችሁ ሁለት ታላላቅ መንግሥታት እነዚህን ሰዎች በወርቅና በማዕረግ እንዴት እንዳሰሯቸው፣ ገመዱንም እንዴት በገዛ እጃቸው እንደበጠሱት ነው።

(የግመል ጓዝ ኮቴ፤ የውኃ መቅጃ ድምፅ።)

ተራኪ፦ ከሶርያ ደቡብ እስከ ኤፍራጥስ የተዘረጋው በረሃ ለእግረኛ ጦር አይመችም። የውኃ ጉድጓዱን የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። ስለዚህ ሁለቱም መንግሥታት እሾህን በእሾህ አሉ። ፋርሶች በኤፍራጥስ አቅራቢያ፣ በሒራ ከተማ የተቀመጠውን የለኽም ቤት ያዙ፤ ሮማውያን የገሳንን ቤት።

የለኽሙ አል ሙንዚር የሮምን ጠረፍ ለአሥርት ዓመታት አስለቅሷል። ሁለት የሮም የጦር አለቆችን ማርኮ ስለነበር፣ በ524 አብርሃም የተባለ የሮም መልእክተኛ ሊያስፈታቸው ወደ ሰፈሩ ሄደ። መልእክተኛው እዚያው ሳለ ነው ከየመኑ የሒምያር ንጉሥ ደብዳቤ የደረሰው። ንጉሡ የናግራንን ክርስቲያኖች መፍጀቱን እየፎከረ፣ አል ሙንዚርም እንዲሁ እንዲያደርግ ይመክራል። የናግራን ሰማዕታት ነገርና የካሌብ የ525 ዘመቻ ለእኛ የቤታችን ታሪክ ነው። ወሬው ወደ ዓለም ከወጣባቸው መንገዶች አንዱ ግን ይህ የእስረኛ ማስፈቻ ጉዞ መሆኑን ብዙዎቻችን አንሰማም።

የሮም ንጉሥ ዮስጢንያኖስ በ529 ገደማ ሐሪስን ከሌሎች አለቆች በላይ አድርጎ በንጉሥ ማዕረግ ሾመው። ፊቱን ወደ አክሱምም አዞረ። በ531 ገደማ ዩልያኖስ የሚባል መልእክተኛው ካሌብ ፊት ቀረበ። ካሌብ አራት ዝሆኖች በሚስቡት ሠረገላ ላይ ቆሞ ነበር፤ በእጁ ጦርና በወርቅ የተለበጠ ጋሻ፣ በዙሪያው ነፊዎች። የሮምን ደብዳቤ ማኅተም ስሞ ተቀበለ።

ጥያቄው ሁለት ነበር። አክሱማውያን ሐሩን በቀጥታ ከሕንድ ገዝተው ለሮም እንዲሸጡና ወርቁ ለፋርስ እንዳይገባ፤ ሒምያሮች ደግሞ ቀይስ የተባለውን አለቃ በመዓድ ነገዶች ላይ ሾመው ፋርስን እንዲወጉ። ሁለቱም እሺ ተብለው አልተፈጸሙም። የሕንድ መርከቦች በሚያርፉባቸው ወደቦች የፋርስ ነጋዴዎች ቀድመው ጭነቱን በሙሉ ይገዙት ነበር። ሒምያሮችም ያን ሁሉ በረሃ አቋርጠው ከእነሱ የበረታ ጦር መግጠም አልወደዱም። የሩቅ ወዳጅ በደብዳቤ አይዘምትም። የሮም ጠረፍ በቅርቡ ጎረቤት በሐሪስ ትከሻ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ሐሪስም ተሸከመው። በ554 ባላንጣውን አል ሙንዚርን በጦር ሜዳ ገደለ። ነገር ግን በሮም መዲና በቁስጥንጥንያ ዓይን አንድ እንከን ነበረበት፦ የኬልቄዶንን ጉባኤ አይቀበልም፤ ሃይማኖቱ ከግብፅና ከአክሱም ጋር አንድ ነው። በ542 ገደማ በንግሥት ቴዎድራ በኩል ጳጳሳት እንዲሾሙለት አደረገ። ከእነሱ አንዱ ቤተ ክርስቲያናችን የምታከብረው ያዕቆብ አልበረዲ ነው። ሰይፉን የሚፈልጉት ባለሥልጣናት እምነቱን ይጠረጥሩ ነበር፤ ጥርጣሬውም ወደ ልጁ ተላለፈ።

(ዜማ፤ ዝቅ ያለ፣ የሚያሳስብ።)

ተራኪ፦ ልጁ እንደ አባቱ ጠላት አል ሙንዚር ይባላል። በ569 አባቱን ተክቶ ወዲያው የለኽምን ጦር አሸነፈ። ለወታደሮቹ ወርቅ ቢጠይቅ ግን ንጉሥ ዮስጢን ሁለተኛ ተቆጣ። የኤፌሶኑ ዮሐንስ የጻፈው ታሪክ እንዲህ ነው፦ ንጉሡ ሁለት ደብዳቤ አስጻፈ። ለጦር አለቃው ለማርቅያኖስ፣ አል ሙንዚርን ጠርተህ አንገቱን ቁረጥ የሚል፤ ለአል ሙንዚር ደግሞ፣ ማርቅያኖስ ዘንድ ሄደህ ተማከር የሚል። ደብዳቤዎቹ ተለዋወጡ። አል ሙንዚር የራሱን የሞት ፍርድ ተቀብሎ አነበበ።

አልሸፈተም፣ ሮምንም አልወጋም። ሰዎቹን ይዞ ወደ በረሃው ገባና ለሦስት ዓመት ያህል እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። የፋርስ ዐረቦች በዚያ ጊዜ ሶርያን እንደልባቸው ዘረፏት። አንድ ሰው ዝም ሲል ጠረፉ ክፍት ሆነ፤ የበሩ ጠባቂ እሱ እንደነበር ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። በ575 በሩሳፋ፣ በሰማዕቱ ሰርግዮስ መቃብር ፊት ከሮም ጋር ተማምለው ታረቁ። በ580 ቁስጥንጥንያ ገብቶ ዘውድ ተቀበለ።

ዘውዱ ብዙም አልከረመ። ከሮም የጦር አለቃ ከሞሪቅ ጋር ወደ ፋርስ ዋና ከተማ ሲዘምቱ የኤፍራጥስ ድልድይ ፈርሶ አገኙት። ሞሪቅም ዘመቻውን ለጠላት የነገረው አል ሙንዚር ነው ብሎ ከሰሰው። ማግኑስ የተባለ ባለሥልጣን፣ ወዳጄ ይለው የነበረ ሰው፣ ሑዋሪን ላይ ቤተ ክርስቲያን ይመረቃልና ና ብሎ ጠራው። አል ሙንዚር ጥቂት ሰው አስከትሎ ለምረቃ ሄደ፤ እዚያው ታሰረ። ሞሪቅ በ582 ሲነግሥ ወደ ሲሲሊ አጋዘው። ልጁ ኑዕማን ሸፍቶ የቦስትራን አገር አመሰ፤ በመጨረሻ እሱም ተያዘ። የገሳን ኅብረት በ15 አለቆች ተከፋፈለ፣ አብዛኞቹም ወደ ፋርስ አዘነበሉ።

ፋርስም አልተማረችም። በ602 ገደማ ሖስሮ ሁለተኛ የመጨረሻውን የለኽም ንጉሥ አስገደለ፤ ያን የዘመናት ቤት አፍርሶ በፋርስ ሹም ሥር ሌላ አለቃ አስቀመጠ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የበክር የዐረብ ነገዶች በዚ ቃር የፋርስን ጦር አሸነፉ።

በዚያ ዘመን የተነሣው ወረርሽኝና ከ602 እስከ 628 የዘለቀው የሁለቱ መንግሥታት ጦርነት ጠረፉን በማዳከም ድርሻ እንደነበራቸው አልክድም። ወርቅን ጦርነት ይጨርሳል። ታማኙን ሰው ለምረቃ ጠርቶ ማሰር ግን የጦርነት ግዴታ አልነበረም።

(ነፋሱ ይመለሳል፤ ከሩቅ የፈረስ ኮቴ።)

ተራኪ፦ የታሪክ ጸሐፊው ቴዎፋኒስ እንደሚለው፣ የጠረፉ ዐረቦች የለመዱትን ክፍያ ሊቀበሉ ሲመጡ ከፋዩ ባለሥልጣን ውሾች ብሎ ሰድቦ መለሳቸው። እነሱም ሄደው ከዐረብ ምድር ለተነሣው የሙስሊሞች ጦር ወደ ጋዛ የሚያስገባውን መንገድ አሳዩ። በ633 ሒራ ግብር ለመክፈል ተስማምታ ለሙስሊሞቹ የጦር አለቃ ለኻሊድ ኢብን አል ወሊድ እጇን ሰጠች። በ636 በያርሙክ ሸለቆ ከሮም ጎን የተሰለፈው የገሳን ጦር አለቃ ጀበላ ኢብን አል አይሀም ነበር። ሮም ተሸነፈች፤ ንጉሥዋ ሕርቃልም ሶርያን ለቆ ወጣ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ።)